ደመወዝና ዋንጫ፦ የጠረጴዛ ቴኒስ ክለቦችና የዓለም አቀፉ ቱር የመቶ ዓመት ቅኝት

በመጋቢት 2022 በተካሄደው የመጀመሪያው «ሲንጋፖር ስማሽ» ቻይናውያኑ ፋን ዠንዶንግ እና ዋንግ ማንዩ በነጠላ አሸንፈው እያንዳንዳቸው 100 ሺህ ዶላር ተሸለሙ። ለውድድሩ የቀረበው ጠቅላላ ሽልማት 2 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ለጠረጴዛ ቴኒስ ይህ ትልቅ ገንዘብ ነው። በ2024 በኒውዮርኩ የአሜሪካ ኦፕን የሜዳ ቴኒስ በነጠላ ያሸነፈ ተጫዋች ግን ብቻውን 3.6 ሚሊዮን ዶላር ወስዷል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እነዚህ አኃዞች አንድ ጥያቄ ያስነሳሉ። በስፖርቱ ከፍተኛ የሚባለው ሽልማት ይህን ያህል ከሆነ፣ ከዓለም 50ኛ ወይም 150ኛ ደረጃ ላይ ያለው ተጫዋች በምን ይኖራል? ትዳር የሚይዘው፣ የቤት ኪራይ የሚከፍለው፣ ልጁን የሚያስተምረው ከየት ባገኘው ነው? መልሱ በአብዛኛው ክለብ ነው። ክለቡ ተጫዋቹ አሸነፈም ተሸነፈም ወር ጠብቆ ደመወዝ ይከፍለዋል። በተለምዶ ቱር የሚባለው፣ ከአገር አገር የሚዞረው ዓለም አቀፍ ውድድር ደግሞ ለአሸናፊው ዝና፣ የደረጃ ነጥብና ሽልማት ይሰጣል፤ በመጀመሪያው ዙር የተሸነፈውን ግን ብዙ ጊዜ ያወጣውን ወጪ እንኳ አይመልስለትም።

የጠረጴዛ ቴኒስ የገንዘብ ታሪክ የእነዚህ የሁለቱ ታሪክ ነው። ለረጅም ጊዜ ጎን ለጎን ኖረዋል። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ግን በአንድ ነገር ላይ መጋፋት ጀምረዋል፤ እሱም የተጫዋቹ ጊዜ ነው። የዚህ ግፊያ ውጤት በስፖርቱ ውስጥ ስንት ሰው እንጀራ እንደሚበላ የሚወስን ስለሆነ ከሥሩ ጀምሮ መመልከት ያሻል።

ከሳሎን ወደ አዳራሽ

ጨዋታው የተወለደው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ በእንግሊዝ ባለጸጎች ሳሎን፣ ከእራት በኋላ ጊዜ ማሳለፊያ ሆኖ ነው። በዚያን ጊዜ ከጨዋታው ገንዘብ ያገኘው ተጫዋች ሳይሆን ዕቃ ሻጭ ነበር። የለንደኑ የጨዋታ ዕቃ አምራች ጃክስ «ፒንግ ፖንግ» የሚለውን ስም በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የንግድ ምልክት አድርጎ አስመዘገበ፤ የአሜሪካውን መብት ፓርከር ብራዘርስ የተባለው ኩባንያ ያዘው። ጠረጴዛው፣ መረቡና ራኬቱ ተቸበቸበ፤ ጥሩ የሚጫወተው ሰው ግን ከጭብጨባ በቀር ያገኘው ነገር አልነበረም።

በ1926 ዓለም አቀፉ የጠረጴዛ ቴኒስ ፌዴሬሽን ሲቋቋም መሪው ወጣቱ እንግሊዛዊ አይቨር ሞንታጉ ሆነ። የባሮን ልጅ፣ ፊልም ሠሪ፣ በእምነቱም ኮሚኒስት የነበረው ይህ ሰው ፌዴሬሽኑን እስከ 1967 ድረስ መራ። የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር በለንደን ተካሄደ። አሸናፊው የወንዶች ቡድን የሚረከበውን ዋንጫ የለገሱት የሞንታጉ እናት ሌዲ ስዌይትሊንግ ናቸው፤ ዋንጫው እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ዓለም አቀፉ ውድድር በመነሻው የአንድ ባለጸጋ ቤተሰብ ችሮታ ያለበት፣ ዋንጫ እንጂ ደመወዝ የማያውቅ መድረክ ነበር ማለት ነው።

በትርኢት መኖር

ዋንጫ ደግሞ አይበላም። የመጀመሪያዎቹ ኮከቦች ኑሯቸውን ያገኙት ከውድድሩ ውጪ ነው። በ1930ዎቹ አምስት ጊዜ በነጠላ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ሃንጋሪያዊው ቪክቶር ባርና ከአገር አገር እየዞረ በትኬት የሚታይ ትርኢት ያሳይ ነበር። በኋላ እንግሊዝ ኖሮ የደንሎፕ የስፖርት ዕቃ ኩባንያ ወኪል ሆነ። በ1972 ሕይወቱ ያለፈው ከቤቱ እጅግ ርቆ በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ ነው። የዘመኑ ታላቅ ተጫዋች የሥራ ዕድሜው ያበቃው ዕቃ በማስተዋወቅ ነበር።

አሜሪካዊው ማርቲ ራይስማን ሌላ መንገድ ሄደ። ያደገው በኒውዮርክ ብሮድዌይ፣ ሎውረንስ በሚባለው የጠረጴዛ ቴኒስ ቤት ነው። በዚያ ቤት ተጫዋቾች በገንዘብ እየተወራረዱ ይጫወቱ ነበር፤ ጥሩ ተጫዋች ያሸነፈውን ይዞ ይወጣል፣ የተሸነፈ ባዶ ኪሱን ይመለሳል። ከ1940ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ራይስማን ከጓደኛው ከዳግ ካርትላንድ ጋር የሃርለም ግሎብትሮተርስ የቅርጫት ኳስ ቡድንን ተከትሎ ዓለምን ዞረ። በእረፍት ሰዓት በመጥበሻ ኳስ እየመቱ ሕዝቡን ያስቁ ነበር። በዓለም ሻምፒዮና ሜዳሊያ ያገኘ ሰው ሕዝብ ፊት የሚከፈለው መጥበሻ ሲይዝ ብቻ ነበር።

ይህ ዘመን ስለ ስፖርቱ አንድ እውነት ያስተምራል። ተጫዋቹ የሚዞርበት መድረክ ብቻ ካለው፣ ከኋላው የሚቆም ቤት ከሌለው፣ ችሎታው ምንም ቢበዛ ገቢው የዛሬን እንጂ የነገን አያውቅም። ያ ቤት የተሠራው በአውሮፓ ነው።

የክለቡ ዘመን

የአውሮፓ ክለቦች ሻምፒዮና የተጀመረው በ1960ዎቹ መባቻ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዋንጫውን ደጋግሞ የወሰደው የሮማኒያው ክሉዥ ክለብ ነበር። በምሥራቅ አውሮፓ ክለብ ማለት የመንግሥት ተቋም ማለት ነው፤ ተጫዋቹ በወረቀት ላይ ሠራተኛ ወይም ተማሪ ሆኖ፣ ቀኑን የሚያሳልፈው በልምምድ ነበር። በምዕራብ በኩል በ1966 የጀርመን ቡንደስሊጋ ተመሠረተ። ይህ ሊግ ከዚያ ወዲህ የስፖርቱ ዋና የሥራ ገበያ ሆኗል ማለት ይቻላል።

የጀርመን ክለብ አሠራር ከሥር ወደ ላይ የተገነባ ነው። የአገሪቱ የጠረጴዛ ቴኒስ ፌዴሬሽን ከ500 ሺህ በላይ አባላት አሉት። አባላቱ መዋጮ ይከፍላሉ፣ በየመንደሩ ያሉት ክለቦች በማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ይለማመዳሉ፣ በየደረጃው ባሉ ሊጎች በየሳምንቱ ይጋጠማሉ። የጡረታ ዕድሜ ላይ የደረሰ አናጺና የ15 ዓመት ተማሪ በአንድ ቡድን ይሰለፋሉ። ከዚህ ሰፊ መሠረት ጫፍ ላይ ቡንደስሊጋው ተቀምጧል። እዚያ ያሉት ክለቦች ገቢ ከትኬትም ይመጣል፤ ትልቁ ግን ከስፖንሰር ነው፤ በአብዛኛውም በአካባቢው ፋብሪካ ካለው፣ ባለቤቱ ጨዋታውን ከሚወድ ኩባንያ።

ኦክሰንሃውዘን ጥሩ ምሳሌ ናት። በደቡብ ጀርመን ያለች፣ ነዋሪዋ ከአሥር ሺህ ያልበለጠ ትንሽ ከተማ ነች። የማቀዝቀዣ አምራቹ ሊብኸር ፋብሪካ በዚያ አለው፤ የክለቡ ስምም ሊብኸር ኦክሰንሃውዘን ነው። ክለቡ ከቡድኑ ጎን ወጣቶች እየኖሩ የሚሠለጥኑበት ማዕከል አቋቁሟል። በ2014 ገና 18 ዓመት የሞላው ብራዚላዊ ሁጎ ካልደራኖ ወደዚህች ከተማ መጣ። በየሳምንቱ ከጠንካራ ተጫዋቾች ጋር እየተጋጠመ፣ ደመወዝ እየተከፈለው አደገ። በ2025 ማካው ላይ የዓለም ዋንጫን ሲያሸንፍ ከአሜሪካ አህጉራት ይህን ያደረገ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ዋንጫውን ያነሳው በቱሩ መድረክ ነው፤ የዓመታት ሥልጠናውን ወጪ የሸፈነው ግን ክለብ ነው።

የጀርመናዊው ቲሞ ቦል ታሪክም ይህንኑ ይናገራል። ቦል የ14 ዓመት ልጅ ሳለ ጎነርን የተባለ የመንደር ክለብ ሊያስፈርመው ፈለገ። ልጁ ከቤተሰቡ እንዳይርቅ ሲባል የክለቡ ቡድን ልምምዱን ወደ እሱ አካባቢ አዛወረ። ለአንድ ልጅ ሲባል ሙሉ ቡድን ተንቀሳቀሰ። በጥር 2003 ቦል የዓለም አንደኛ ሆነ፤ ጎነርንም በ2005 እና በ2006 የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግን አሸነፈ። በ2007 ቦል ከ30 ጊዜ በላይ የጀርመን ሻምፒዮን ወደሆነው ቦሩሲያ ዱሰልዶርፍ ተዛወረ፤ እዚያም እስከ ሥራ ዘመኑ ፍጻሜ ቆየ። ለብሔራዊ ቡድኑ የመጨረሻ ጨዋታውን ያደረገው በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ ነው። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ተጨማሪ የውድድር ዘመን ለክለቡ ተጫውቶ፣ በሰኔ 2025 በቡንደስሊጋው የፍጻሜ ጨዋታ ተሰናበተ።

የስደተኞቹ ሙያ

የአውሮፓ ክለቦች ሌላም ታሪካዊ ሥራ ሠርተዋል። በቻይና የዓለም ሻምፒዮን ሊሆን የሚችል ተጫዋች በብዛት አለ፤ በብሔራዊ ቡድን ውስጥ ያለው ቦታ ግን ጥቂት ነው። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ቦታ ያላገኙት፣ ወይም ዕድሜያቸው ገፋ የተባሉት፣ ወደ አውሮፓ መፍለስ ጀመሩ። ኒ ሺያልየን በ1983 የዓለም ሻምፒዮን ነበረች፤ በ1989 ወደ ምዕራብ ጀርመን ሄዳ ለባይሮይት ክለብ ፈረመች፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሉክሰምበርግ ገባችና እዚያው ቤት ሠራች። በ2024 ፓሪስ ላይ በ61 ዓመቷ በኦሊምፒክ ተሰልፋ የመጀመሪያ ጨዋታዋን አሸነፈች። የአገሯ ብሔራዊ ቡድን ከሸኛት በኋላ ከ30 ዓመት በላይ በሙያው የቆየችው የክለብ ሥራ ስላገኘች ነው።

ስዊድናዊው ያን ኦቬ ዋልድነርም የሥራ ዘመኑን ማምሻ ያሳለፈው በማዕድን ውኃ አምራቹ ሮንስፕሩደል በሚደገፈው የጀርመኑ ፉልዳ ክለብ ነው። ለዚሁ ክለብ በኋላ ናይጄሪያዊው ኳድሪ አሩና ተጫውቷል። የኦሊምፒክ ሻምፒዮንም ሆነ ከአፍሪካ የመጣ ተፋላሚ፣ ሁለቱም በአንድ ትንሽ የጀርመን ከተማ የደመወዝ መዝገብ ላይ ሰፍረው ነበር። ክለቡ ተጫዋቹን «ከየት መጣህ?» ብሎ አይጠይቅም፤ «ቅዳሜና እሑድ ነጥብ ታመጣልን ይሆን?» ብሎ ነው የሚጠይቀው።

እስያ የራሷን ቤት ስትሠራ

ቻይና የክለብ ሊጓን የጀመረችው በ1995፣ የገበያ ኢኮኖሚው በተስፋፋበት ጊዜ ነው። ቀድሞ በክፍለ ሀገርና በሠራዊት ቡድን ታቅፈው ይኖሩ የነበሩ ተጫዋቾች የብረት፣ የመብራትና የሌሎች ኩባንያዎችን ስም በማሊያቸው ላይ ማድረግ ጀመሩ። ሊጉ በጉልበቱ ጊዜ የውጭ ኮከቦችን እስከ መሳብ ደረሰ። ጃፓናዊቷ አይ ፉኩሃራ በ2005 ለሊያዎኒንግ ክለብ ተጫወተች፤ ቲሞ ቦልም ወደ ሊጉ ሄዶ ሞክሮታል። ይሁን እንጂ የቻይና ሊግ አንድ ጊዜም ሙሉ ነፃነት አግኝቶ አያውቅም። የብሔራዊ ቡድኑ ዝግጅትና የዓለም አቀፍ ውድድሮች መርሐ ግብር ይቀድመዋል፤ ለሊጉ የሚተርፈው ከዚያ የቀረው ጊዜ ነው። ከ2020 ወዲህ ውድድሩ ተጨምቆ በጥቂት ቦታዎች፣ በጥቂት ሳምንታት የሚያልቅበት ጊዜ በዛ። የዓለም ምርጥ ተጫዋቾች ያሉበት ሊግ የዓለም ረጅሙ ሊግ ሊሆን አልቻለም።

ጃፓን ዘግይታ መጣች፤ አስባ ግን መጣች። የአገሪቱ የመጀመሪያ ፕሮፌሽናል ተጫዋች የሆነው ኮጂ ማጹሺታ በጀርመን ቡንደስሊጋ ተጫውቶ ያየውን ይዞ ተመለሰ፤ ከብዙ ዓመት ጥረት በኋላም ቲ ሊግ በጥቅምት 2018 በቶኪዮ ተከፈተ። ከክለቦቹ አንዱ የሆነው የኦኪናዋው ሪዩክዩ አስቲዳ በ2021 አክሲዮኑን በቶኪዮ ፕሮ ማርኬት አስመዘገበ። የጠረጴዛ ቴኒስ ክለብ አንድ ለጋስ ሀብታም ሳይጠብቅ ከብዙ ባለአክሲዮን ካፒታል ሊሰበስብ እንደሚችል ያሳየ እርምጃ ነው። የጃፓን ፌዴሬሽንም ለፓሪስ ኦሊምፒክ ተጫዋቾችን ሲመርጥ በቲ ሊግ የተገኘ ድል ነጥብ እንዲሰጥ አድርጓል። ውሳኔው ትንሽ ይመስላል፤ ትርጉሙ ግን ትልቅ ነው። ክለብ ውስጥ የተሠራ ሥራ በአገር ደረጃ ተቆጠረ ማለት ነውና።

ህንድ በ2017 የጀመረችው አልቲሜት ቴብል ቴኒስ ሊግ የተከተለው የክሪኬት ሊጓን ዓይነት የፍራንቻይዝ አሠራር ነው፤ የውጭና የአገር ውስጥ ተጫዋቾች በአንድ ቡድን ተቀላቅለው ለጥቂት ሳምንታት ይጫወታሉ። በአሜሪካም በ2023 ሜጀር ሊግ ቴብል ቴኒስ ተጀመረ። ባለሀብት አሁንም ገንዘቡን ክለብ ላይ ሲያውል ክለብ ያለፈበት ነገር ነው ማለት አይቻልም።

ቱሩ ሲያድግ

የቱሩ ታሪክ ከክለቡ አጭር ነው። በ1980 ሆንግ ኮንግ ላይ የተጀመረው የዓለም ዋንጫ ለተመረጡ ጥቂት ኮከቦች የተዘጋጀ ነበር። በ1988 በሴኡል ጨዋታው ኦሊምፒክ ገባ፤ ያኔ በየአገሩ ያሉ መንግሥታት ለስፖርቱ በጀት መመደብ ጀመሩ። በ1996 ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን የተበታተኑትን ዓለም አቀፍ ውድድሮች በፕሮ ቱር ስም አሰባሰበ።

ከ1999 እስከ 2014 ፌዴሬሽኑን የመራው ካናዳዊው አደም ሻራራ ቴሌቪዥን የማይወደው ስፖርት ገንዘብ አያገኝም ብሎ ያምን ነበር። በ2000 የኳሷ ስፋት ከ38 ወደ 40 ሚሊ ሜትር አደገ፣ ለዓይን ትታይ ዘንድ ፍጥነቷ እንዲቀንስ። በ2001 ጨዋታው ከ21 ነጥብ ወደ 11 ነጥብ አጠረ። ለውጦቹ ጨዋታውን ለተመልካች አቅርበውታል፤ የሜዳ ቴኒስን ያህል ገንዘብ ግን አላመጡም።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ፌዴሬሽኑ ወርልድ ቴብል ቴኒስ የተባለ የንግድ ኩባንያ ሲያቋቁምና የውድድሮቹን የንግድ መብት ለእሱ ሲያስረክብ ነው። ኩባንያው በመጋቢት 2021 በዶሃ ውድድር ጀመረ። መዋቅሩ እንደ መሰላል ነው፦ ከታች ፊደር፣ ቀጥሎ ኮንቴንደርና ስታር ኮንቴንደር፣ ከዚያ 32 ተጫዋቾች ብቻ የሚገቡበት ቻምፒየንስ፣ ከላይ ደግሞ ግራንድ ስማሽ። ሲንጋፖር በ2022፣ ጅዳና ቤጂንግ በ2024፣ ላስ ቬጋስና ማልሞ በ2025 ግራንድ ስማሽ አስተናገዱ። የመብራቱ ድምቀት፣ የአዳራሹ ውበት፣ የስርጭቱ ጥራት ከቀድሞው ጋር አይወዳደርም። ይህን መካድ ሐሰት ይሆናል።

ነገር ግን ገንዘቡ እንዴት እንደሚከፋፈል እንይ። በግራንድ ስማሽ ዋና የነጠላ ውድድር 64 ተጫዋቾች ይገባሉ፤ በመጀመሪያው ዙር 32ቱ ይሰናበታሉ። ሽልማቱ ወደ ፍጻሜ ሲቃረብ ይወፍራል፤ ከታች ግን ቀጭን ነው። በፊደር ደረጃ የሚጫወት ወጣት የአውሮፕላን ትኬት፣ ሆቴልና ምግብ ቆርጦ ካሰበ፣ ጥቂት ዙር አልፎም ቢሆን ከኪሱ ሊጨምር ይችላል። ያን ወጪ የሚሸፍነው ብሔራዊ ፌዴሬሽኑ፣ ቤተሰቡ ወይም የክለብ ደመወዙ ነው። ከራኬትና ከላስቲክ አምራቾች፣ ከእነ ቢራቢሮ ምልክቱ የጃፓኑ ታማሱ፣ ከስዊድኑ ስቲጋ ወይም ከጀርመኑ ቲብሃር የሚገኘው ውልም ቢሆን የሚወፍረው ስም ላላቸው ነው።

የጊዜ ሽሚያ

የዓለም ደረጃ የሚሰላው ተጫዋቹ በ12 ወር ውስጥ ካስመዘገባቸው ስምንት ምርጥ ውጤቶች ነው። በክለብ ሊግ የተገኘ ድል በዚህ ስሌት አይቆጠርም። አንድ ተጫዋች በቡንደስሊጋ የዓለም አምስተኛውን ቢያሸንፍ ለክለቡ ነጥብ፣ ለራሱም ክብር ያመጣል፤ ደረጃው ግን ቅንጣት አያድግም። ደረጃው ካላደገ ደግሞ ወደ ትልልቆቹ ውድድሮች አይገባም፤ ለኦሊምፒክ ምድብም ይጎዳል። ስለዚህ በየወሩ ለመብረር ይገደዳል።

ክለቡ ደግሞ ለዚያው ተጫዋች ዓመቱን ሙሉ ደመወዝ ይከፍላል። በ2022 የጀርመኑ ኖይ ኡልም ክለብ ዲሚትሪ ኦቭቻሮቭን፣ የታይዋኑን ሊን ዩን ጁን፣ ጃፓናዊውን ሃሪሞቶንና ስዊድናዊውን ሞሬጋርድን በአንድ ጊዜ ሲያስፈርም ዓለም ተደነቀ። ነገር ግን እነዚህን አራት ሰዎች በአንድ አዳራሽ ማሰባሰብ የተቻለው በጥቂት ጨዋታዎች ብቻ ነው፤ የቀረውን ጊዜ ቱሩ ወስዶታል። ትኬት የቆረጠው ደጋፊ ኮከቡን ካላየ በሚቀጥለው ጊዜ አይመጣም፤ ደጋፊ ካልመጣ ስፖንሰሩ ይጠይቃል። ክለብ የሚዳከመው በዚህ መንገድ ቀስ በቀስ ነው።

በታኅሣሥ 2024 ጉዳዩ አደባባይ ወጣ። የፓሪስ ኦሊምፒክ የነጠላ ሻምፒዮኖቹ ፋን ዠንዶንግና ቼን መንግ ስማቸው ከዓለም ደረጃ ሰንጠረዥ እንዲሰረዝ መጠየቃቸውን አሳወቁ። የጠቀሱት ምክንያት በግዴታ ውድድሮች ላይ ያልተገኘ ተጫዋች የሚጣልበት የገንዘብ ቅጣት ነው። ወርልድ ቴብል ቴኒስ ደንቡ አዲስ አለመሆኑን ገለጸ። ከሕግ አንጻር እውነት ሊሆን ይችላል፤ የኦሊምፒክ ወርቅ ያጠለቁ ሁለት ሰዎች እረፍት ለማግኘት ከመዝገቡ መውጣት ከመረጡ ግን ደንቡ ለተጫዋቹ እንዳልተሠራ ማየት አያዳግትም።

ቀጥሎ የሆነው ይበልጥ ያስተምራል። ፋን ከቱሩ ሲወጣ ራኬቱን አልሰቀለም። ለ2025/26 የውድድር ዘመን ለጀርመኑ ሳርብሩከን ክለብ ፈረመ። እሱ የሚሰለፍባቸው ጨዋታዎች ትኬት እየተሻማ የሚሸጥ ሆነ፤ ሊጉ ባልለመደው መጠን የዓለም ዓይን ወደ ጀርመን ዞረ። የዓለም ደረጃ ቁጥር የሌለው ሰው አዳራሽ ሞላ። ኮከብን ኮከብ የሚያደርገው ሰንጠረዡ ሳይሆን ሕዝቡ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ማስረጃ አላውቅም።

የክለቡም ጉድለት

ክለብን ማወደስ ብቻ ግን ፍትሐዊ አይሆንም። የክለቡ ትልቁ ድክመት በአንድ ኪስ ላይ መንጠልጠሉ ነው። በጋዝፕሮም ገንዘብ የቆመው የሩሲያው ፋከል ኦረንቡርግ ከ2012 እስከ 2019 የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግን አምስት ጊዜ አሸንፏል። በ2022 ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር የሩሲያ ክለቦች ከአውሮፓ ውድድር ታገዱ፤ ኪየቭ የተወለደው ጀርመናዊ ኦቭቻሮቭም ክለቡን ለቀቀ። በአንድ ኩባንያ ፈቃድ የተገነባ ታላቅነት በአንድ ወቅት ፈረሰ። ሁለት ጊዜ የአውሮፓ ሻምፒዮን የሆነው ጎነርንም ቦል ከሄደ ብዙም ሳይቆይ ከከፍተኛው ሊግ ወጥቷል።

የሴቶቹ ክለቦች ሁኔታ ከዚህም ይጠባል። የፖላንዱ ታርኖብርዜግ በ2019 እና በ2022 የአውሮፓ ሻምፒዮን ሲሆን ስሙ ከሰልፈር አምራቹ ሲያርኮፖልና ከመብራት ኩባንያው ኤኔያ ጋር ተያይዞ ነበር። እንዲህ ያለ ደጋፊ ያላገኘ የሴቶች ክለብ ኑሮው ከዓመት ዓመት የሚታደስ ጭንቀት ነው። በዚህ ረገድ ቱሩ ሊመሰገን ይገባል፤ በሲንጋፖር ስማሽ ለዋንግ ማንዩ የተሰጠው ሽልማት ለፋን ከተሰጠው በአንድ ዶላር አላነሰም።

ስለዚህ ጥያቄው ክለብ ወይስ ቱር አይደለም። አንዱ የዘራውን ሌላው ሲያጭድ የዘሪው ድርሻ የት አለ ነው ጥያቄው። የፈረንሳዩ ሞንፔሊዬ ሁኔታ ይህን በግልጽ ያሳያል። አሌክሲስና ፌሊክስ ለብረን የተባሉት ወንድማማቾች በዚያ ከተማ ክለብ ውስጥ አደጉ፤ ፌሊክስ በ17 ዓመቱ በፓሪስ ኦሊምፒክ በነጠላ ነሐስ አገኘ። በዚያው ዓመት ቱሩ ቻምፒየንስ ውድድሩን ይዞ ሞንፔሊዬ ገባ። ልጆቹን ሲያሳድግ የኖረው የከተማው ክለብ ባይኖር ኖሮ ለቱሩ ትኬት የሚገዛ ሕዝብ በዚያ አይገኝም ነበር።

አፍሪካ ከዚህ ምን ትማራለች?

ናይጄሪያዊው ኳድሪ አሩና በ2016 ሪዮ ላይ በኦሊምፒክ ሩብ ፍጻሜ የደረሰ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆነ። በ2022 ከዓለም ምርጥ አሥር ውስጥ ገባ፤ ይህም ለአህጉሩ የመጀመሪያ ነበር። ወደዚያ የደረሰበት መንገድ በሊዝበኑ ስፖርቲንግና በፉልዳ በኩል ያለፈ ነው፤ የፖርቱጋልና የጀርመን ክለቦች ደመወዝ የናይጄሪያን ኩራት ቀለበ። በ2023 ቱሩ ራሱ ወደ ደርባንና ወደ ሌጎስ መጣ። አፍሪካዊ ወጣት ቪዛ ሳይለምን፣ ውቅያኖስ ሳይሻገር የደረጃ ነጥብ የሚያገኝበት ዕድል መፈጠሩ ትልቅ ነገር ነው። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ ሻምፒዮና አዲስ አበባ ላይ ተካሂዷል፤ የአህጉሩ ብርቱ ተጫዋቾች በዓይናችን ፊት ተፋለሙ።

ማስተናገድ ደስ ይላል። ነገር ግን እንግዳው ሲሄድ በአዳራሹ የሚቀረው ማን ነው? በሳምንት አራት ቀን የሚለማመድ፣ በየሁለት ሳምንቱ የሚጋጠም፣ በወሩ መጨረሻ ትንሽም ብትሆን ደመወዝ የሚቀበል ተጫዋች ከሌለ ሻምፒዮናው የአንድ ሳምንት በዓል ሆኖ ያልፋል። የመቶ ዓመቱ ታሪክ የሚያስተምረው ቅደም ተከተል ግልጽ ነው። ጀርመን፣ ስዊድንና ፈረንሳይ መጀመሪያ የሠሩት አዳራሽና ሊግ ነው፤ ኮከቡ ከዚያ ወጣ፤ ቱሩ ኮከቡን ተከትሎ መጣ። ጃፓን እንኳ ጠንካራ ብሔራዊ ቡድን እያላት ሊግ ማቋቋም ያስፈለጋት የቡድኑን ወንበር ያላገኙት ብዙዎች የሚኖሩበት ቤት ስለሌላቸው ነው።

ለዓለም አቀፉ ፌዴሬሽንና ለኩባንያውም የሚቀር ሥራ አለ። በታወቁ ሊጎች የሚገኝ ድል በደረጃ ስሌቱ ውስጥ ልኩን ያገኘ ቦታ ይሰጠው፤ የጃፓን ፌዴሬሽን በአገር ደረጃ እንደሚቻል አሳይቷል። በዓመቱ መርሐ ግብር ላይ ለክለብ ጨዋታዎች የተከለለ፣ ቱሩ የማይነካው ጊዜ ይኑር። በዓለም አቀፍ መድረክ ከሚሰበሰበው ገቢ ለተጫዋቹ ወጣትነት ያወጣ ክለብ ድርሻ ይድረሰው፤ እግር ኳስ ከዝውውር ገንዘብ ላይ ለአሳዳጊ ክለብ ሲከፍል ዓመታት አልፈውታል። እነዚህ ሦስት ነገሮች ቱሩን አያደኸዩትም። በሚቀጥሉት ዓመታት የሚያሰልፋቸውን ተጫዋቾች የሚያገኝባቸው ክለቦች በሕይወት እንዲቆዩ ያደርጋሉ፤ 150ኛው ተጫዋችም ሙያዬ ጠረጴዛ ቴኒስ ነው ብሎ ቤተሰብ መምራት የሚችለው ያን ጊዜ ነው።